በፕላስቲክ የታሸገው አደራ

ቡራዩ ውስጥ «ወረቀት» የሚለውን ቃል እንዲያው ዝም ብሎ አይናገሩትም። ሰው ሁሉ የቤት ካርታ ነው የሚመስለው። ተስፋነሽ ይህን የተማረችው በራሷ ላይ ደርሶ ነው። ሥራ የቀየረች ሰሞን የእድር ሴቶች ከበው «አሁን ደግሞ የት ገባሽ?» ቢሏት፣ የዋህ፣ «የሰው ወረቀት የሚጠበቅበት ቤት ነው» ብላ መለሰች። በቃ! በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ ሰው ተሰልፎ አገኘች። አንዱ የይዞታ ጉዳይ ይዞ፣ አንዷ ከወንድሟ ጋር የምትካሰስበትን የውርስ ፋይል ታቅፋ፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይዝ «ለማንኛውም» ብሎ የመጣ ነው።

«ኧረ እኔ የምጠብቀው የሠዓሊና የዘፋኝ ወረቀት ነው!» ብትል ማን ይስማት።

«የዘፋኝ ወረቀት ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለቻት ባለ ፋይሏ፣ ቅር ብሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተስፋነሽ ምን እንደምትሠራ ስትጠየቅ «ቢሮ ነኝ» ብላ ታልፋለች።

ተስፋነሽ የሰበታ ልጅ ናት። አባቷ ከጎጃም መጥተው ሰበታ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ሲነግዱ ነው ያሳደጓት። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ በሁለቱም ምላሷ ረጅም ነው። ይህ ምላሷ ነው መዝገብ ቤት ያስገባት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት መመደብ ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል፤ አለቃ ዓይንህን አልይ ያለው ሰው የሚወረወርበት ጉድጓድ ነው። እሷም በአንድ ስብሰባ ላይ አለቃዋን «ጌታዬ፣ ይህንን እኮ ባለፈው ዓመትም ነግረውን ነበር፤ ያኔም አልሆነም» ብላ ተናገረች፤ በሳምንቱ ምድር ቤት፣ አቧራና ፋይል መሀል ተገኘች። አለቃው እንድታለቅስ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ወደደችው! ፋይል አያማህም፣ ፋይል አያንቋሽሽህም። የጠፋ የተባለ ፋይል ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ ሲል ደግሞ ያለው ደስታ፣ ወይ ጉድ፣ ከሎተሪ አይተናነስም።

ወደ አሁኑ ቤት ያመጧት ጋሽ ፍቅረሥላሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ መውጫ ያለውን ግቢያቸውን የጥናትና የምርምር ቤት አደረጉት። ምን አንገብግቧቸው መሰላችሁ? ሠዓሊ ሲሞት፣ ዘፋኝ ሲሞት፣ ተዋናይ ሲሞት ቤተሰብ ለቅሶውን ተቀምጦ ሲያበቃ ቤቱን ያጸዳል። ልብሱ ለነዳይ ይሰጣል። ወረቀቱን ደግሞ በሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ከአሮጌ ጀሪካን ጋር ጠቅልሎ ይወስደዋል። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ሰውየው ራሱ በእጁ የጻፈው ግን ቆሎ ይጠቀለልበታል። ጋሽ ፍቅረሥላሴ ይህን ሲያዩ ኖረው አንድ ቀን «በቃኝ» አሉና ሳሎናቸውን በመደርደሪያ ሞሉት።

አሁን እዚያ ቤት ያላለቀ ግጥም አለ፤ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ የተጻፈ ዜማ አለ፤ የሙዚቃ ባንድ ውል አለ፤ «ነገ አልመጣም፣ ራሴን አሞኛል» የሚል የተዋናይ ማስታወሻ አለ። ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ይመጣሉ። እጃቸውን ታጥበው፣ እስክሪብቷቸውን በር ላይ አስቀምጠው፣ በእርሳስ ብቻ እየጻፉ ያነባሉ። ከዝናብ በኋላ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ሲገባና ወረቀት ሲገለጥ ብቻ ሲሰማ፣ ተስፋነሽ «የት ነበርኩ እስካሁን?» ትላለች። ባሏ አሥራት ገላን ካሉት መጋዘኖች ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «እኔ የሕያዋንን ጭነት፣ አንቺ የሙታንን ጭነት» እያለ ይቀልድባታል። «የእኔው ቢያንስ ጎማ አይፈነዳበትም» ትለዋለች።

ሥራዋ ታዲያ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ካለበት ቤት ሄዳ የምታመጣውም እሷ ናት። ለዚህም አንድ የማትጥሰው ሕግ አላት፦ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አይጠየቅም። «ሐዘን ቤት ገብቶ 'ወረቀት አላችሁ?' የሚል ሰው ወይ የግብር ሰብሳቢ ነው ወይ የከሳሽ ጠበቃ» ትላለች። መጀመሪያ ትቀመጣለች፤ ስለ ሰውዬው ትጠይቃለች፤ ምን ያስቀው ነበር፣ ምን ያናድደው ነበር። ሁለተኛ ስትመጣ ዳቦ ይዛ ነው። ሦስተኛ ስትመጣ ባለቤቶቹ ራሳቸው «ወረቀትም እኮ ነበረው» ይላሉ። ሱሉልታ አንድ ክራር ደርዳሪ ቤት እስከ አምስተኛው ድረስ ታግሣለች፤ ምን ይደረግ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

እንግዲህ አዴ ሰብሪያ ቤት የሄደችውም እንደዚሁ ነው።

አዴ ሰብሪያ ሰበታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የኮክ ዛፍ ባለው ግቢ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛው ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ባላቸው ኡዘይር ካረፉ ቆይተዋል። ኡዘይር ሠዓሊ ነበሩ፤ ግን ሥዕላቸው በማንም ግድግዳ ላይ አይገኝም። የመድረክ መጋረጃ ነበር የሚሠሩት። ቲያትር ሲታይ ከተዋናዮቹ ጀርባ የሚዘረጋው ትልቁ አቡጀዴ አለ አይደል? ተራራው፣ አዳራሹ፣ የገበያው ጎዳና የሚሣልበት? እሱን። አቡጀዴ ደግሞ ውድ ነው። አንዱ ቲያትር ከመድረክ ሲወርድ ነጭ ቀለም ይለቀለቅበትና ለሚቀጥለው ሌላ ይሣልበታል። ዛሬ የንጉሥ አዳራሽ የነበረው ነገ የገጠር ጎጆ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሆስፒታል ኮሪደር። ኡዘይር ዕድሜያቸውን ሙሉ በራሳቸው ሥራ ላይ ሲቀቡ ኖሩ። በመጨረሻም ጨርቁ ራሱ አርጅቶ ተጣለ።

የቀረው ንድፉ ብቻ ነው። ኡዘይር መጋረጃውን ከመንካታቸው በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ ይነድፉ ነበር፤ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በውሃ ቀለም። አዴ ሰብሪያ እነዚያን ንድፎች አንዱንም ሳይጥሉ በቆርቆሮ ሳጥን ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። በሦስተኛው ጉብኝት ሳጥኑ ሲከፈት ተስፋነሽ አፏን ይዛ ቀረች። ያ ሁሉ መድረክ፣ ያ ሁሉ ከተማና ተራራ፣ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ! የእርሳሶቹም ግሩም ናቸው፤ ባለ ቀለሞቹ ግን ጉድ ናቸው። የፀሐይ መግቢያውን ብርቱካናማ ቀለም አይታ «አዴ ሰብሪያ፣ እኚህ ሰውዬ ምን ዓይነት ዓይን ነበራቸው?» አለች፤ አሮጊቷም «አይ፣ መነጽር ጠፍቶበት ሲፈልግ ራሱ ላይ የሚያገኝ ሰው ነበር እኮ!» ብለው ሳቁ።

እነዚህ ንድፎች ከጠፉ ኡዘይር የሚባል ሰው አንድም ነገር ሠርቶ እንደማያውቅ ይሆናል። ተስፋነሽ ይህን አወቀችው፤ በዚያች ደቂቃም ይዛቸው ብትሄድ በወደደች። ግን ያለ ልጆች ፈቃድ ምንም አይወሰድም፤ ልጃቸው ደግሞ ሐዋሳ ነው የሚሠራው፤ ለኢድ ሲመጣ ይፈርማል ተባለ። ተነሥታ ነጠላዋን እያጣፋች፣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«አደራዎን አዴ ሰብሪያ! አንድም እንዳይበላሽ!» አለች።

ይህችን ብላ ሄደች። ከዚህ በላይ ምንም አላለችም።

አሁን ፍረዱ። ሰውን «አደራ» ብላችሁት ዝም ብሎ ይቀመጣል? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ያደጉ ሴት ናቸው። አዴ ሰብሪያ ሌሊቱን አሰቡት። ሳጥኑ ዝገት ጀምሮታል፤ ክረምት ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል። በአገራችን ደግሞ የተከበረ ወረቀት ምን እንደሚደረግ ማን የማያውቅ አለ? የትምህርት ማስረጃ ምን ይደረጋል? የጋብቻ ምስክር ወረቀት ምን ይደረጋል? የልደት ካርድስ? ላሚኔት ነው የሚደረገው! ወረቀቱ በሁለት ፕላስቲክ መሀል ገብቶ፣ በጋለ ማሽን ተጨፍልቆ፣ እንደ መስታወት እያበራ ይወጣል። ውሃ አይነካው፣ ዝንብ አይነካው። ላሚኔት ያልተደረገ ወረቀት ማለት ባለቤቱ የናቀው ወረቀት ማለት ነው። አዴ ሰብሪያ ባላቸውን የሚንቁ ሴት አይደሉም። በማግስቱ ሻሻቸውን አስረው፣ ንድፎቹን በፎጣ ጠቅልለው፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ወዳለው ወደ ቲቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ።

ኢድ አለፈ። ተስፋነሽ ከቡራዩ ተነሥታ፣ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና አድርጋ፣ በሦስት ታክሲ ተጋፍታ ሰበታ ደረሰች። «በጋ ነጋን ዱፍቴ!» ብለው እንኳን ደህና መጣሽ አሏት አዴ ሰብሪያ። ፊታቸው በርቷል። ሻይ ቀረበ፣ ብስኩት ቀረበ። ልጃቸው ፈርሞ የተወውን ወረቀት ሰጧት። ቀጥሎ ወደ ጓዳ ገብተው በሁለት እጃቸው አንድ ነገር ተሸክመው መጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ፕላስቲክ እንደ ካርታ ጨዋታ ተንሸራተተ።

«አደራሽን ጠብቄልሻለሁ» አሉ።

ተስፋነሽ ክው አለች። ያ ለስላሳ ወረቀት፣ ያ በጣት ሲነካ የእርሳሱ መስመር የሚታወቅ ወረቀት፣ አሁን እንደ መታወቂያ ያበራል። ማሽኑ ሲግል ከፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ሙጫ ይቀልጥና ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ከገባ ወዲያ ማን ያወጣዋል? ልላጥህ ቢሉት ወረቀቱን ይዞ ነው የሚላጠው። ዓመታት ሲያልፉ ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥ ለውስጥ ይደርቃል። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ከፊቷ ደግሞ አዴ ሰብሪያ እንደ ሙሽራ እናት ደምቀው ምስጋና ይጠብቃሉ።

«ያምራል…» አለች ተስፋነሽ። ሌላ ምን ትበል? አንጀቷን በሏት።

«ያምራል አይደል? ቲቶ ወፍራሙን ፕላስቲክ ነው ያደረገልኝ።»

ተስፋነሽ አንድ በአንድ አገላበጠች፤ ሁሉም የእርሳስ ናቸው። «ባለ ቀለሞቹስ አዴ ሰብሪያ? ባለ ቀለሞቹ የታሉ?»

«እነሱን ለመጨረሻ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ እንቁዎቹ አይደሉ? ገና ትናንት ነው ለቲቶ የሰጠሁት። መብራት ጠፍቶበት እኮ ነው፣ ወላሂ፣ ይኸው ከትናንት ጀምሮ የለም! ቢመጣ ዛሬ ይጨርሳቸው ነበር።»

ተስፋነሽ ዕድሜዋን ሙሉ መብራት ኃይልን ስትራገም የኖረች ሴት ናት። በዚያች ደቂቃ ግን ከልቧ መረቀችው። «እኔው ሄጄ አያቸዋለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ» አለችና ሻይዋን ሳትጨርስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች።

በሰበታ መንገድ ላይ ያን ቀን ያያት ሰው አብዳለች ነው የሚለው። ልብስ ሰፊው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መብራቱን ይረግማል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ይረግማሉ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ይረግማል፤ ሰውዬው ደግሞ ፀጉር አስተካካዩን ይረግማል። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ሴት በሩጫና በእርምጃ መሀል እየሆነች «እመቤቴ፣ እንዳይመጣ! እባክሽ ትንሽ ይቆይ! እመቤቴ!» እያለች ታልፋለች።

ቲቶ ከወላይታ መጥቶ መጀመሪያ በግንባታ ሥራ ላይ የነበረ፣ ቆይቶ ይህችን ሱቅ የከፈተ ጨዋ ሰው ነው። ስትደርስ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ መዝሙር ያንጎራጉራል። ንድፎቹ አጠገቡ በንጹሕ ፎጣ ላይ ተደርድረዋል፤ ብርቱካናማዋ ፀሐይ ከላይ ነች። ተስፋነሽ ስታያት እንባዋ መጣ።

«ወንድሜ፣ የአዴ ሰብሪያን ሥዕሎች ልወስድ ነው የመጣሁት። ስጠኝ።»

ቲቶ ቀና ብሎ አያት። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሳቸው በእጃቸው ነው የሰጡኝ፤ በእጃቸው ካልሆነ አልሰጥም። አደራ ነው።»

«እሱማ የእኔ አደራ ነው! እኔ ነኝ ለእሳቸው አደራ ያልኩት!»

«እንግዲህ የእርስዎ አደራ እሳቸው ላይ ነው፣ የእሳቸው አደራ ደግሞ እኔ ላይ ነው» አለ ቲቶ፣ በትሕትና፤ ንቅንቅ አላለም። ደግሞም ልክ ነው! እሷም ብትሆን አትሰጥም ነበር።

ይህን እያሉ መንገዱ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። የወፍጮው ድምፅ ተነሣ። የቲቶ ማሽን ላይ ትንሿ ቀይ መብራት ቦግ አለች።

«ይኸው፣ ጌታ ይመስገን!» አለ ቲቶ፤ እጁን ወደ ብርቱካናማዋ ፀሐይ ሰደደ።

«ተው!» ተስፋነሽ ባንኮኒውን እንዴት እንዳለፈችው እስካሁን አታውቀውም። ብቻ በማሽኑና በቲቶ መሀል ቆማለች። «እኔ ራሴ በዚህ ማሽን ካላለፍኩ በቀር ይህ ወረቀት አያልፍም!»

ቲቶ ደነገጠ። ቀጥሎ፣ የዋህ ስለሆነ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ማሽኑ አያስገባዎትም እኮ» አለ።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ተስፋነሽ ቀስ ብላ አስረዳችው፤ ሙቀቱ በውሃ ቀለም ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ሙጫው አንዴ ከገባ እንደማይወጣ። ቲቶ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። «ወፍራሙን ነው የተጠቀምኩት» አለ በዝግታ። «ለክብራቸው ብዬ ነው። ዋናውን፣ ወፍራሙን።» እጁን ዘርግቶ ማሽኑን አጠፋው። «ግን እትዬ፣ አሁንም አልሰጥዎትም። ይምጡና እሳቸው ይንገሩኝ።»

መላክም አላስፈለገም። አዴ ሰብሪያ ከሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። ተስፋነሽ ሻይዋን ትታ መውጣቷ ከንክኗቸው ነው የተከተሏት። ሻይ ትቶ የሚሮጥ እንግዳ ደግ ነገር አልያዘም። ስንቱን እንደሰሙ አይታወቅም፤ ግን የሰሙት ይበቃቸዋል።

«እውነቱን ንገሪኝ ልጄ» አሉ። «አበላሽቼዋለሁ?»

ተስፋነሽ መዋሸት አማራት። ለአንድ አሮጊት ትንሽ ውሸት ምን ይላታል? ግን ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ብትዋሽ ባለ ቀለሞቹም ማሽን ውስጥ መግባታቸው ነው። «የእርሳሶቹ ከፕላስቲኩ አይወጡም» አለች። «ይታያሉ፣ አልጠፉም። ግን ዕድሜያቸው አጥሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው አዴ ሰብሪያ። አደራ ብዬ ወጣሁ፤ እንዴት እንደሚጠበቅ አልነገርኩዎትም።»

አዴ ሰብሪያ የቲቶን ወንበር ስበው ተቀመጡ። መንገዱ ላይ ሁሉ ሬዲዮ ተከፍቷል።

«ኡዘይር አንድ መጋረጃ ነበረው» አሉ በኋላ። «የወደብ ከተማ ነበር፤ መርከብ፣ ባሕር። ባሕር አይቶ አያውቅም እኮ! ግን ሰው ሁሉ ሲከፈት ያጨበጭብ ነበር። ቲያትሩ ሲያልቅ ራሱ ነጭ ቀለም ይዞ ወጣበት። እኔ እታች ቆሜ አያለሁ። ባሕሩን ሲደፍነው እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ማታ ግን እራት አልበላም። እኔ ፕላስቲክ ያደረግኩት ለውሃ ብዬ አይደለም። ከእንግዲህ ማንም በላዩ ላይ መቀባት እንዳይችል ብዬ ነው።»

ቲቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተስፋነሽ አዴ ሰብሪያ እግር ሥር ቁጢጥ አለችና ጉልበታቸውን ይዛ አለቀሰች። ለቅሶው የሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ የተወደደ ሰው ወረቀት በእጇ ሊገባ በመሆኑ ደስ ብሏትም ነበር። አሮጊቷ ራሷን ዳበሱላት፤ ከዚያ ብድግ ብለው ንድፎቹን ከነፎጣው አንሥተው እቅፏ ውስጥ አደረጉ።

«በይ፣ አሁን አደራው ያንቺ ነው» አሉ። «አንቺም ታዲያ እንደ እኔ ከመጠን በላይ እንዳትጠብቂው!»

ባለ ቀለሞቹም፣ የታሸጉትም ቡራዩ ገቡ። ጋሽ ፍቅረሥላሴ የታሸጉትን ሲያዩ ራሳቸውን ይዘው «እግዚኦ!» አሉ። ቆይተው ግን አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ረጅም ሰዓት አዩት። «አንነካካቸውም» አሉ። «ፎቶ ይነሡ፤ ለብቻቸው ሣጥን ይሠራላቸውና ሙቀት ከማያገኛቸው ቦታ ይቀመጡ።» ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን የምትጽፈው ተስፋነሽ ናት፤ እንዲህ ብላ በእርሳስ ጻፈች፦ «የሠዓሊ ኡዘይር የመድረክ ንድፎች። ማንም በላያቸው ላይ እንዳይቀባ በባለቤታቸው በወይዘሮ ሰብሪያ በፕላስቲክ የታሸጉ።»

«ይህ እንኳ የመዝገብ ቋንቋ አይደለም» አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ። «'ላሚኔት የተደረጉ' ማለት ይበቃል።»

«ጋሼ፣ ላሚኔት የተደረገ መንጃ ፈቃድም አለ» አለች። «ይህ ግን ሌላ ነው። ለምን እንደታሸገ ካልተጻፈ፣ ነገ አንዱ መጥቶ 'የማን ደንቆሮ ናት ይህን ያደረገችው?' ይላል።» ሰውዬው ጽሑፉን እንዳለ ወስደው ራሳቸው ሣጥኑ ላይ ለጠፉት። ያ ምላስ አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ጥሏታል፤ አሁን ደግሞ መዝገቡን አስጻፈላት።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ አዴ ሰብሪያ ሊጠይቁ መጡ። ተስፋነሽ አየር ጤና ድረስ ሄዳ ነው የተቀበለቻቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ቲቶ ሲያወሩላት መጡ፤ አሁን ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «ዋናውን ነው ወይስ ኮፒውን?» ሳይል ማሽን አያበራም አሉ። ግቢው ደርሰው የባሕር ዛፉን ቀና ብለው አዩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ተስፋነሽ የንባብ ክፍሉን በር ቀስ ብላ ከፈተችላቸው።

ውስጥ አንዲት ተማሪ ብቻ አለች። ያኔት ትባላለች፤ የቲያትር ተማሪ ናት፤ ለመመረቂያዋ ለምታዘጋጀው ቲያትር መድረክ መንደፍ አለባት። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካናማዋ ፀሐይ ተዘርግታለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ በእርሳሷ ከራሷ ወረቀት ላይ ትሞክራለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ወደ ፀሐይዋ ታያለች። ሰው መግባቱን አልሰማችም።

«የማንን እያየች ነው?» አሉ አዴ ሰብሪያ በሹክሹክታ። እያወቁ ነው የጠየቁት፤ ሲነገራቸው መስማት ፈልገው ነው።

«የኡዘይርን» አለች ተስፋነሽ። «ዘንድሮ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው የእሳቸው ሥራ ነው። ይግቡ እንጂ፣ ላስተዋውቅዎ።»

አዴ ሰብሪያ አልገቡም። በሩን በራሳቸው እጅ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መለሱት።

«ተያት፤ ቲያትር ቤትም እያለ እኔ በር ላይ ነበር የምጠብቀው» አሉ። «ሥራ ላይ ሲሆን ሰው ሲገባበት አይወድም።»

በረንዳው ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር በሻሻቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ እግራቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ተስፋነሽም አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አብረው መጠበቅ ጀመሩ።